ያልተወጋው ጆንያ

ሐኪሙ ገና እየተናገረ እናቴ ከአልጋው ወረደች። አንገቷ ላይ የቀረውን የአልትራሳውንድ ቅባት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወጣች። ዶክተር ለሊሳ የመመርመሪያውን እጀታ እንደያዘ በሩን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ።

«ሽንት ቤት ነው?»

«አይመስለኝም» አልኩትና ተከተልኳት።

እናቴ የሺሃረግ ለስልሳ ዓመት ሴት በጣም ትፈጥናለች። በቆጂ ውስጥ ሰው ሁሉ ይሮጣል ይባላል። እሷ ሮጣ አታውቅም፤ ስትናደድ ግን የሚደርስባት የለም። አስፋልቱን ተሻግራ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ አሰላ መናኸሪያ ገብታ፣ አንድ እግሯን የበቆጂው ሚኒባስ ውስጥ ካስገባች በኋላ ነው የደረስኩባት።

«እማዬ፣ ሐኪሙ አልጨረሰም እኮ!»

«እኔ ጨርሻለሁ።»

«በግራ በኩል ሌላ እባጭ አለ ነው የሚልሽ። እሱ አልተወጋም። ከእሱ ናሙና ይወሰድ ነው ያለው፣ ሌላ ምንም አላለም።»

«በኅዳር ሚካኤል ስለቴን አስገብቻለሁ። አገር ሁሉ እልል ብሎልኛል። አሁን ደግሞ ‹ቆዩ፣ ገና አልዳንኩም› ብዬ ላሳፍረው?»

«ማንን?»

«ሚካኤልን ነዋ!»

ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «እማማ፣ ሚካኤልን አያሳፍሩት፣ ይግቡ፤ ልንወጣ ነው።»

ገባች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ሁለቴ ጠምጥማ ፊቷን ወደ ወዲያ አዞረች።

ነገሩ የጀመረው በቀኙ ነው። እናቴ እንቅርት አላት። እኛ ዘንድ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ አያቴም ነበራት፣ የአያቴ እህትም። እናቴን ልጅ ሳለች እንዳይወጣባት ብለው አንገቷን ዙሪያውን ነቅሰዋታል፤ አንዱ ከሌላው በላይ የተሰመሩ ሰማያዊ መስመሮች። እንቅርቱ ግን አልቀረም። በቀኝ በኩል መስመሮቹን እየለጠጠ አደገና እንቁላል አከለ። በግራ በኩል መስመሮቹ የተነቀሱ ዕለት እንደነበሩት ቀጥ ብለው አሉ። ስለዚህ ግራውን ልብ ያለው ሰው የለም።

ክረምቱ ሲያልቅ ቀኙ የጨመረ መሰላት። ወንድሜ እንደሻው አይሱዙ ይነዳል፤ ወደ አዳማ ሲወርድ ይዟት ሄደና አንድ ክሊኒክ አስገባት። ሐኪሙ ዳሰሰ፤ እጁ ላይ የመጣለት ትልቁ ነበር፤ ትልቁን በመርፌ ወጋና የቀዳውን ወደ ላቦራቶሪ ላከ። አልትራሳውንድ ይቅደም ያለ አልነበረም። ውጤቱ ካንሰር እንዳልሆነ የሚናገር ነበር። ከግርጌው በአልትራሳውንድ ትታይ ይላል። እናቴ ግን «ካንሰር አይደለም» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን እንዲያነቡላት አልፈለገችም።

ተስላ ነበራ። ደህና ነሽ ከተባልኩ ለሚካኤል ጥላ አስገባለሁ ብላ። አስገባችም፤ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ቀይ ጥላ። ቄሱ ከእንቅርት ደዌ የዳነች እናታችን ብለው ስለቷን ሲያውጁ ሴቱ እልልታውን አቀለጠው። እንቅርቱ እዚያው አንገቷ ላይ ነበር። ይህን እንደ ችግር የቆጠረው ሰው የለም።

የአልትራሳውንዱን ቀጠሮ የያዝኩት እኔ ነኝ። ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር አልወድም። የገብሱን ርክክብ ቀን ልትጠይቅ አሰላ መምጣቷ ስለማይቀር፣ በዚያው ታይታ ነገሩ ይዘጋ ብዬ ነው። ደሟም ተመርምሮ የታይሮይዱ፣ የአንገት ዕጢዋ ሆርሞን ልክ ሆኖ ነበር። ዶክተር ለሊሳ ትልቁን ቶሎ አለፈው። «ይሄ እንደ ዳቦ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ውሃም ቋጥሯል፤ አያሳስብም» አለ። ከዚያ ወደ ግራ ሄደና እዚያ ቆየ። እጀታውን ያዞራል፣ ያቆማል፣ ይለካል። ዝም ሲል እኔ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፤ ተነሥቼ ስክሪኑ ሥር ቆምኩ። የባቄላ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ናት። ጠርዟ የተነካከሰ ይመስላል። ውስጧ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ። ከወርዷ ቁመቷ ይበልጣል። አራቱም ሐኪም የማይወዳቸው ምልክቶች እንደሆኑ ነገረን። «ብዙ ሰው አንገቱ ውስጥ እንዲህ ያለ እባጭ ይዞ ሳያውቀው ይኖራል፤ አብዛኛው ምንም አይደለም» አለ። «የሚወጋው ግን በትልቅነቱ አይደለም የሚመረጠው፤ በመልኩ ነው። ይቺ መወጋት አለባት።» እናቴ የወረደችው እዚህ ላይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ዕፅዋት ሳይንስ ነው። አሁን የምሠራው የቢራ ገብስ ከገበሬ የሚረከብ ግቢ ውስጥ፣ ጥራት ክፍል ነው። ሥራዬ ጆንያ መውጋት ነው ብል ውሸት አይሆንም። መውጊያ የምንለው ጫፉ የሾለ፣ ጎኑ የተከፈተ ብረት አለ። ጆንያው ውስጥ ይሰካል፣ ገብሱ ወደ ብረቱ ሆድ ይፈስሳል፣ ተስቦ ይወጣል። በዚያች እፍኝ ነው መኪና ሙሉ ጭነት የሚያልፈው ወይም የሚመለሰው። ስለዚህ ዋናው ነገር ከየትኛው ጆንያ፣ ከጆንያውስ ከየት በኩል ወሰድክ የሚለው ነው። ገበሬው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። የጠራውን ገብስ ጆንያው አፍ ላይ፣ እርጥቡን ከታች የሚያደርግ ሞልቷል። መኪናው ላይ የሚታየውን ጆንያ ብቻ ወግቶ የሚያሳልፍ ሠራተኛ እኛ ጋ አይከርምም።

በማግስቱ ሥራ ቦታ ስሰካ ስመዝ ዋልኩ፤ በየመሃሉ ስልክ እደውላለሁ። እናቴ አታነሣም። ባልደረባዬ ሚፍታ የእርጥበት መለኪያውን ቁጥር ሁለቴ ደግሞ ነገረኝና ሦስተኛው ላይ ተወው።

«ፀዲ፣ ስልኩን ልቀማሽ? እየሰማሽ አይደለም።»

«እየሰማሁ ነው።»

«ስንት አልኩሽ?»

«…ድገመው።»

ማታ ላይ ስልኩ ተነሣ። ያነሣችው ጎረቤታችን ሰኪና ናት፤ በአክብሮት ‹አዴ› እላታለሁ። ከእናቴ ጋር እኔ ሳልወለድ ጀምሮ በሬ ይዋዋሳሉ፣ ዘር ይበዳደራሉ፣ በየሳምንቱ ይኳረፋሉ።

«አዴ ሰኪና፣ እናቴን ያቅርቡልኝ።»

«የለችም።»

«ድምፅዋ ይሰማኛል እኮ።»

«‹የለችም በያት› ብላኛለች፤ ምን ላድርግ? እኔ መልእክተኛ ነኝ።» ከኋላዋ እናቴ አንድ ነገር አለች። «‹በማግባቷ ብትቸኩል ምናለ› ትልሻለች። ይሄም የኔ አይደለም።»

ለእንደሻው ደወልኩ። «አትነካኪያት» አለኝ። «ደህና ነሽ ተብላለች፣ ሰላም አግኝታለች፣ ተያት። ሠላሳ ዓመት ያልገደላት ዛሬ ይገድላታል?»

«ሠላሳ ዓመት የኖረው ሌላው ነው፤ ይሄ ሌላ ነው!»

«ያው አንገት ነው።»

ዘጋሁበት። ከዚያ በቀጥታ ለነፍስ አባቷ ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ ደወልኩ፤ ቁጥራቸውን ከየት እንዳገኘሁ አሁን አላስታውስም። የሆነውን ሁሉ ሳልተነፍስ ነገርኳቸው። ረጋ ብለው፣ ስለት መፈጸም ምስጋና እንደሆነ፣ ከሐኪም የሚከለክል እንዳልሆነ ነገሩኝ። ደስ አለኝ። አለቀ፣ ደቀቀ አልኩ። አለማለቁን የተረዳሁት ቅዳሜ በቆጂ ስደርስ ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ቤታችን የሚወስደኝን ባጃጅ ያዝኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ለልምምድ የወጡ ልጆች ከአፋቸው እንፋሎት እየተፉ ባጃጁን ቀድመውት ሄዱ፤ ሹፌሩን ፍጠን ብለው ከዚህ በላይ እንደማይሄድ ነገረኝ። ግቢ ስገባ እናቴና ሰኪና ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ገብስ ያበጥራሉ። እናቴ ሰፌዷን ሳታወርድ ጀመረች።

«ነፍስ አባቴን በስልክ ጠየቅሻቸው?»

«እንደምን አደርሽ እማዬ።»

«በስልክ! የኔን ነገር! እኔ ራሴ ጫማ ስሜ የማነጋግራቸውን ሰው፣ አንቺ እንደ ገብስ ነጋዴ ደውለሽ ‹ስንት ነው ዛሬ› ብለሽ?»

«ሐኪም አይከለከልም አሉኝ እኮ!»

«እኔስ ‹ተከልክያለሁ› አልኩሽ? የሚከለክለኝ የለም። እኔ ነኝ አልሄድም ያልኩ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ መልስ ስሰበስብ የነበረው ለሌላ ጥያቄ ነበር። ሰኪና አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ እየሳቀች ነው።

«አዴ ሰኪና፣ እርስዎም ይሳቁብኝ።»

«ሜ፣ እስቲ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ቆመሽ ስታወሪ እኔንም ይደክመኛል።»

ቁጭ አልኩ። ተነሣሁ። ስልኬ ላይ ያነሣሁትን የምርመራ ሥዕል አወጣሁ፤ እናቴ ሳታየው ዓይኗን አዞረች።

«ፈርተሻል» አልኳት።

«አዎ ፈርቻለሁ» አለች፤ ወዲያው፣ ያለ ምንም ማመንታት። «አንድ ጊዜ ፈራሁ፣ አበቃሁ። ውጤቱ እስኪመጣ እህል ከአፌ አልገባም። ሌሊት ሌሊት ማን ምን እንደሚወስድ እያሰብኩ፤ በሬው ለእንደሻው፣ ቤቱ ላንቺ እያልኩ ስደለድል አደርኩ። ከዚያ ደህና ነሽ አሉኝ። አሁን ደግሞ ያንን ሁሉ ‹እንደገና ጀምሪ› ነው የምትይኝ። አልጀምርም!»

ሰኪና መሳቋን አቆመች። እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ጠርዙና ስለ ነጠብጣቡ የማውቀው ሁሉ ለዚህ አይሆንም።

እናቴ ሰፌዷን አስቀምጣ ወደ ጓዳ በአገጯ አመለከተች። «ከመጣሽ አይቀር ገብሱን እዪልኝ። ሰኞ ይጫናል። ባለፈው ዓመት ያደረጋችሁኝን አልረሳሁም።»

ባለፈው ዓመት የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ፈቃድ ላይ ሳለሁ አንድ አዲስ ሠራተኛ የእናቴን ጭነት ተቀበለ። አንድ ጆንያ ወጋ፣ እርጥብ ሆኖ አገኘው፣ ሁሉንም መለሰ። እናቴ መዝኑልኝ ብላ ግቢው መሃል ተቀመጠች። «አንድ ወግተህ ሁሉን ታውቃለህ? ነቢይ ነህ?» እያለች ሚዛኑን አስቁማ ዋለች። በመጨረሻ ሚፍታ መጥቶ አንድ በአንድ ወጋላት። ያ አንዱ ብቻ ነበር የረጠበው። ሚፍታ እስከ ዛሬ እናቴን «ጀግኒት» ነው የሚላት።

ሁልጊዜ ከቦርሳዬ የማይለየኝን ትንሿን መውጊያ ይዤ ጓዳ ገባሁ። ጆንያዎቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ከብስጭቴ የተነሣ ጨርሼ መሄድ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ከፊት ያለውን፣ ወገቤ ጋ የመጣልኝን አንዱን ወጋሁ። መዳፌ ላይ አፈሰስኩ፤ አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኳት፤ ቀጭ አለች። ደረቅ ነው።

«ደህና ነው» አልኩ እየወጣሁ። «ጫኚው።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «አለቀ?»

«አለቀ።»

«ምኑ ነው ያለቀ? አንዱን ነው እኮ የወጋሽ።»

«ደህና ነው፣ እማዬ፤ ደረቅ ነው።»

«ያኛውስ? ከበስተኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ያለው? ጣሪያው በዚያ በኩል ያፈስሳል። እሱን ሳታዪ ሁሉን ታሳልፊያለሽ? ይሄንን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ? የሚታየውን ወግታችሁ የማይታየውን…»

ቆመች።

አላጠመድኳትም። ያን ያህል ብልህ ብሆን ኖሮ ሐሙስ ዕለት ሚኒባሱ በር ላይ አደርገው ነበር። መውጊያውን እንደያዝኩ ቆምኩ፣ እሷም ነጠላዋን እንደያዘች ቆመች። ከደጅ የሰኪና ድምፅ መጣ።

«የሺ! ያንቺው አፍ ያዘሽ!»

«አንቺ ዝም በይ!»

«ዋላሂ ያዘሽ። እኔ ምንም አላልኩ፣ ልጅቷም ምንም አላለች። አንቺው ነሽ ያልሽው።»

እናቴ ፊቷ ቀላ። እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሄደ፤ ወደ ቀኙ አልነበረም፣ ወደ ግራው፣ መስመሮቹ ቀጥ ወዳሉበት። በጣቷ ጫን አለች። እዚያ የሚዳሰስ ነገር የለም፤ እኔም ሞክሬዋለሁ።

«ሁሉንም ውጊ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ገብሱን! ሌላ ምን አለና?»

እየተንጠራራሁ፣ ጆንያ እየጎተትኩ፣ እሷ ከኋላ እያዘዘችኝ፣ የቀሩትን ሁሉ ወጋሁ። ከግድግዳው ሥር ያለውም ደረቅ ነበር። ሁሉም ደረቅ ነበር።

«አየሽ!» አለች፤ ደስታና ቁጣ ተደባልቆባት። «ምንም የለውም።»

«አሁን አወቅን» አልኳት።

ሰፌዷን አነሣችና ተቀመጠች። ለመሄድ ስነሣ ነው፣ ወደ ሰኪና ዞራ እኔ እንደሌለሁ አድርጋ የተናገረችው። «ጥላው የትልቁ ነው፤ እሱ ተከፍሏል። ለዚች ለትንሿ ጧፍ ይበቃታል።»

«ጧፍ? ለሚካኤል አንድ ጧፍ?» አለች ሰኪና። «ስስታም።»

«የባቄላ ፍሬ ናት አሉ! ለባቄላ ፍሬ ጥላ ልስጥ?»

በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ለናሙናው አሰላ መጣች። ዶክተር ለሊሳ ስላለፈው ምንም አላነሣም። በአንድ እጁ እጀታውን አንገቷ ላይ ይዞ፣ በሌላው ቀጭን መርፌ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል አስገባ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ጥፍሬን እበላለሁ። እናቴ ጣሪያውን እያየች ነበር።

«ገባ?» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«ገብቷል እማማ። መሃሏ ላይ ነኝ። አይዋጡ፣ ምራቅዎን እንዳይውጡ።»

«ከአንድ ቦታ ብቻ እንዳትወስድ፣ ልጄ። ከጫፍም ከታችም ውሰድ።»

ሐኪሙ መርፌውን ካወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «እሳቸው የት ነው የሚሠሩት?»

«ገበሬ ናት» አልኩት። «ገብስ ታስረክበናለች።»

ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት እናቴ እንዴት እንዳሳለፈቻቸው አላውቅም፤ ደውዬ ስጠይቃት ስለ ዶሮ ነው የምታወራኝ። እኔን ግን ቤቱ ጠበበኝ። ከሥራ ስወጣ አሰላን ከላይ እስከ ታች እሄዳለሁ፤ ስደክም እመለሳለሁ፤ ደግሞ እወጣለሁ። ከሰው ጋር ሻይ ለመጠጣት ተቀምጬ ሻዩ ሳይቀርብ የተነሣሁበት ቀን አለ። ካንሰር ቢሆን እንኳ የዚህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ አዝጋሚ እንደሆነ፣ ጥቂት ሳምንት ምንም እንደማይለውጥ ዶክተር ለሊሳ ነግሮኛል። አዝጋሚ የሚባል ነገር ያናድደኛል።

ሚዛኑ ላይ ሳለሁ ተደወለልኝ። ወረቀቱ ለካንሰር እጅግ የሚያጠራጥር ይላል። እርግጠኛ የሚኮነው ወጥቶ ሲታይ ነው። ስልኩን ዘጋሁና የያዝኩትን ጆንያ ወግቼ ጨረስኩ፤ ሚፍታ ሲያየኝ መውጊያውን ከእጄ ወሰደ።

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ብሩህ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ወረቀት ላይ እንደ ቢራቢሮ ያለ ነገር ሣለና ግራ ክንፉን አጠቆረ።

«ሁለት መንገድ አለ» አለ። «አንዱ ግራውን ክንፍ ብቻ ማውጣት ነው። ሌላው ሁሉንም።»

«ሁሉንም ያውጡት» አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አንገቱ ያንቺ ነው?»

«እማዬ፣ አንዴ ከተከፈተ…»

«ዝም በይና ልስማ።» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ሁሉን ብታወጣው ምን እሆናለሁ?»

«ታይሮይድ የሚሠራውን ሆርሞን በኪኒን ይተካሉ። በየማለዳው፣ በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። መቋረጥ የለበትም። ከጀርባው ደግሞ ካልሲየም የሚቆጣጠሩ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ፤ በሁለቱም በኩል ከተሠራ እነሱ የመጎዳት ዕድላቸው ይጨምራል። የድምፅ ነርቭም በሁለቱ በኩል አለ።»

«ግራውን ብቻስ?»

«የቀረው ክንፍ ሊበቃዎት ይችላል፤ ላይበቃም ይችላል፤ በደም ምርመራ ይታያል። ዋናው ግን የወጣው ሲመረመር ከገመትነው የከፋ ከሆነ ለቀሪው ተመልሰው ይመጣሉ። ትልቁም እዚያው ይቀራል። በሁለቱም ወገን እባጭ ሲኖር ሁሉንም የሚያወጣ ሐኪም ብዙ ነው። እርስዎ ግን ቀኙ ተመርምሯል፣ ለመዋጥም ለመተንፈስም አላስቸገረዎትም። የአንገትዎ ንፍፊቶችም ንጹሕ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም ያስኬዳል። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። «ለምን ሁለት ጊዜ ትከፈታለች? ኪኒኑን እኔ ከአሰላ እልካለሁ።»

«ሐምሌ ላይ መንገዱ ጭቃ ሲሆን?» አለች እናቴ። «መድኃኒት ቤቱ ‹አልቋል፣ የሚቀጥለው ሳምንት› ሲልስ? የእንደሻው ሚስት ለደም ግፊቷ ስንት ጊዜ ባዶ እጇን እንደተመለሰች ታውቂያለሽ። የኔ አንገት እየሠራ ሳለ የኪኒን ለማኝ አልሆንም።»

«ካንሰር እኮ ነው የምናወራው!»

«አውቃለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው፤ የታመመው አንገቴ ነው።» ሥዕሉን ሳበችና በጣቷ ያልጠቆረውን ክንፍ ነካች። «ግራውን አውጣልኝ። የከፋ ሆኖ ከተገኘ እመጣለሁ። ‹አልመጣም› ብልም ይቺ ጎትታ ታመጣኛለች።»

ዶክተር ብሩህ እኔን አየኝ። የመከራከሪያ ሐሳብ በአፌ ሙሉ ነበረኝ፤ ሦስቱ ትክክል ናቸው ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግን ፈርታ አልነበረም የመረጠችው። ስትፈራ ምን እንደምትመስል አይቻለሁ፤ ከአልጋ ወርዳ መናኸሪያ ነው የምትሄደው። አሁን ወንበሩ ላይ ተመቻችታ ተቀምጣ ቀጠሮ እየጠየቀች ነበር።

«እሺ» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም።

ግራው ወጣ። ተመረመረ፤ ካንሰር ነበር፤ ትንሽ፣ ከክንፉ ያልወጣ፣ ወደ ሌላ ያልዘለቀ። ግማሹን ማውጣት በቃ። ለጥቂት ቀናት ድምፅዋ ሰልሎ ነበር፤ ሰኪና ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ዝምታ እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ተመለሰላት። የደሙም ምርመራ ለጊዜው ኪኒን አያስፈልግም አለ። በየጊዜው ደሟ ይታያል፣ አንገቷም በአልትራሳውንድ ይታያል። ክትትሉ መቼ ያበቃል ብዬ ዶክተር ለሊሳን ጠየቅኩት። «አያበቃም፤ ቀጠሮው እየራቀ ነው የሚሄደው» አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ለሰኔ ሚካኤል በቆጂ ወጣሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ነበርና የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጭቃ ነው። እናቴ ጧፏን አስገብታ ወጣች፤ አንድ እስር ሙሉ ነበር፣ አንድ ብቻ አልነበረም። ለሰኪና እንዳልነግርባት አስጠነቀቀችኝ። ነጠላዋን አንገቷ ላይ አልጠመጠመችም። ከታችኛው ሰማያዊ መስመር ሥር አዲስ ቀይ መስመር አለ፤ የቢላዋው ነው። ከእሱ በላይ በቀኝ በኩል እንቁላሉ እንደነበረ አለ።

ሴቶች ከበቧት፤ እንኳን ማረሽ፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ ይላሉ። አንዷ የማኅበር ጓደኛዋ ጠጋ ብላ አንገቷን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ውይ የሺ! ቀደው ቀደው ሳያወጡልሽ መለሱሽ?»

እናቴ ትልቁን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ የተሞላ ጆንያ እንደሚመታ።

«ይሄኛው ተወግቶ ያለፈ ነው» አለች። «የወጣው ሌላ ነው።»

ሴትዮዋ አልገባትም። እናቴ ለማስረዳት አልሞከረችም፤ ጭቃውን እየዘለለች ወደ በሩ ሄደች። ተከትያት የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ፣ ካርዱን የት እንዳስቀመጠችው፣ እንደሻው እንዲያመጣት ነግራው እንደሆነ ጠየቅኳት። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆመች።

«ቀኑ ሲደርስ እሄዳለሁ» አለችኝ። «አንቺ ሂጂና ገብስሽን ውጊ።»